ከራስጌው የተንጠለጠለው ውኃ

ቀለም ቀቢ ነበር። ከመወጣጫ ላይ ወድቆ አከርካሪው ከተጎዳ ወዲህ ግን ከአንገቱ በታች የሚታዘዝለት አካል የለውም። ልብስ ሰፊዋ ልጁ ጠዋት አብልታና አጠጥታው ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። እስክትመለስ ጉሮሮውን የሚያርስለት ሰው ስለሌለ፣ ማታ ስትገባ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ ምላሱ ከላንቃው ተጣብቆ ታገኘዋለች።

ቤት ለቤት እየዞሩ ሕመምተኛ የሚያዩት ሲስተር መላ ነገሯት። እሷም ከራስጌው ጠርሙስ ሰቅላ፣ ሲነክሱት የሚከፈት ቀጭን ቱቦ ከአፉ አጠገብ አሰረችለት።

አባቷ ነከሰና ሳበ። ውኃው መጣ።

«በስተርጅና ጡጦ ገዛሽልኝ!» አለ።

ከወደቀ ወዲህ ሲስቅ ያየችው ያን ቀን ብቻ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ጠርሙሱ እንደሞላ ይጠብቃት ጀመር። ተደፍኖ ይሆናል ብላ ቱቦውን አጠበችው፤ ራሷም ስባ ሞከረችው፤ ደህና ነው። ሲስተር ግን ሽንቱ ጠቁሮ ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

«እኚህ ሰው ውኃ አይጠጡም። ኩላሊታቸውን እናጣዋለን።»

ሲስተር እንደወጡ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ቱቦው አስቸገረህ?»

«ቱቦው ምን አደረገ!»

«ታዲያ?»

ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። «የገባ ይወጣል፣ እናቴ።»

ያኔ ገባት። ማታ ማታ ዳይፐሩን ስትቀይርለት ዐይኑን የሚጨፍነው እንቅልፍ ወስዶት ይመስላት ነበር።

«ልጅህ አይደለሁ? አንተስ አላጠብከኝም?»

«ያጠበችሽ እናትሽ ናት፣ ነፍሷን ይማረው። እኔ የሰው ግድግዳ ስቀባ ነበር።»

በማግስቱ ወንድ አስታማሚ እንዲፈልጉላት ሲስተርን ለመነች፤ ሞከሩ፤ አልተገኘም። «ስለ እኔ ብለህ ጠጣ» ስትለው «እሺ» ይላል፤ ዐይኗ እያየ ሁለት ጊዜ ይጎነጫል። ማታ ስትመለስ ጠርሙሱ ያው ነው።

ትኩሳት ያዘውና ሲብስበት ሆስፒታል አስገባችው። እዚያ ውኃው በመርፌ በክንዱ ይገባለታል፤ የማያውቃቸው ሰዎች ያገላብጡታል፣ ያጥቡታል። እነሱን አያፍርም። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ለብቻዋ ጠርቶ ኩላሊቱ ከእንግዲህ እንደማይመለስ ነገራት።

እንባዋን ጠርጋ ገባችና የደረቀ ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ አበሰችለት። ዐይኑን ጨፈነ።

«ሂጂ፣ ሥራ ይረፍድብሻል» አለ።

ትንሽ ቆማ አየችው። ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ ሄደች።