ዳገቱን ባዶዋን የወጣች መኪና

የጥርስ ሐኪሙ ግቢ ውስጥ አራት አሮጌ የጭነት መኪናዎች ቆመዋል። ሦስቱ ዝገታቸውን ተከናንበው ወረፋ የሚጠብቁ ሕመምተኞች ናቸው። አራተኛዋ፣ አፍንጫ ረጅሟ አረንጓዴ፣ ድና ተነሥታለች። ሐኪሙ ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባቱ በፊት የፊት ፍርግርጓን በጥርስ ብሩሽ ይፈገፍጋል።

"የኔ ጥርስ ቢወልቅ ወሬውን የሚሰማው ከጎረቤት ነው" ትላለች ሚስቱ።

እውነቱን ለመናገር ግን መኪናዋ ታይታ አትጠገብም። የሠሯት ሰዎች ብረት አልሰሰቱባትም፤ መከላከያዋ ላይ ሦስት ሰው ተደላድሎ ይቀመጣል። የዛሬዎቹ መኪኖች አንዲት መብራት ብልጭ ስትልባቸው መንገድ ዳር ቆመው ባለሙያ ያስጠራሉ። እሷ የናፍታ ጋኗ ተቀዶ፣ ቀዳዳው በሳሙና ተደፍኖ፣ የድልድይ ብረት ተሸክማ ተራራ ተሻግራለች።

የጎደላት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የራሷ መሪ። አሁን የምትነዳው ከሌላ መኪና በተፈታ መሪ ነው። ዕድሜ ልኩን የነዳት ሾፌር ጡረታ ሲወጣ መሪዋን ፈትቶ ቤቱ ወሰደው። ሰውየው ካረፈ በኋላም መሪው አሮጊት ሚስቱ ሳሎን ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ቀረ። ቀኝ ጎኑ በመዳፍ ተበልቶ ቀጥኗል። ሐኪሙ ይህን ቅጥነት ባሰበ ቁጥር ምራቁን ይውጣል። አሮጊቷ ዘንድ ተመላልሶ፣ ጥርስ በነጻ እተክላለሁ እስከ ማለት ደርሶ ነበር።

"ጥርሴን ተወው" አሉት በመጨረሻ። "መኪናዋን በደጄ አሳልፋት። እሷ ከሆነች ሳላያት አውቃታለሁ፤ መሪውን ትወስዳለህ። ካልሆነች ግን ሁለተኛ በሬን እንዳታንኳኳ፤ ላንተ ሻይ ማፍላት ሰልችቶኛል።"

ቅዳሜ ዕለት አጥቦ፣ ወልውሎ፣ ሚስቱን ጋቢና አስቀምጦ ሄደ። የአሮጊቷ ቤት ዳገቱ ወገብ ላይ ነው። መኪናዋ እንደ ቅቤ ተንሸራትታ ወጣች። ማንም ብቅ አላለም። አቁሞ ሲገባ አሮጊቷ ካልሲ እየጣፉ ነበር።

"መቼ ነው የምታልፈው?"

"አሁን አለፍኩ እኮ፣ እማማ!"

"አንድ ነገር ሽው ሲል ሰምቻለሁ። ታክሲ መስሎኝ።"

"ታክሲ?!"

"የባሌማ ታቃስት ነበር። ገና ታች ስትደርስ እዚህ ቁምሳጥን ውስጥ ብርጭቆዬ ይንጫጫል።"

ሐኪሙ ለመነ፣ ተለማመጠ። "እሺ፣ ሰኞ አንዴ" አሉት። "ከዚያ በቃን።"

ሲመለሱ ሞተሩን ጠረጠረ፣ የጭስ መውጫ ማርሚታውን ጠረጠረ። ሚስቱ ሰማችውና፣ "አንተ ሰውዬ" አለች፣ "ይቺ የጭነት መኪና እጅህ ከገባች ወዲህ ምን ጭና ታውቃለች?"

"ምን?"

"እኔን። እኔ ደግሞ ያን ያህል አልከብድም።"

በመስታወቱ የኋላ የጭነት ሳጥኗን፣ ካሶኒዋን አየ። የካሶኒዋን እንጨት ደጋግሞ ቫርኒሽ ቀብቶታል። ድመት ስትተኛበት በጫማ ያባርራል። ሶፋ አመላልስልኝ ካለው ጎረቤት ጋር እስከ ዛሬ አይነጋገሩም።

ሰኞ ጠጠር ሊያስጭን ድንጋይ መፍጫው ሄደ። የጫኚው ማሽን ነጂ ካሶኒውን አየና፣ "ዶክተር፣ ምንጣፍ ላንጥፍልህ?" አለው።

"ጫን!"

የመጀመሪያው አካፋ ሲገለበጥ፣ ልክ ታካሚዎቹ እሱ ወንበር ላይ እንደሚያደርጉት ዓይኑን ጨፍኖ ጡጫውን ጨበጠ። ሲገልጥ ቫርኒሹ አልቆለታል። መኪናዋ ግን ጭነት የሚሸከመውን ተጣጣፊ ብረቷን፣ ባሌስትራዋን ዘርግታ ዝቅ ብላለች። ሲያያት፣ ቆማ ስትጠብቅ ከርማ ገና አሁን ወንበር ያገኘች መሰለችው።

ዳገቱ ላይ ሦስተኛ ማርሽ እምቢ አለ፤ ሁለተኛም። አንደኛ ሲያስገባ ከሆዷ የሆነ ድምፅ ተነሣ፤ ወፍራም፣ ረጅም፣ ያልተማረረ። መስታወቱ ተንጫጫ፣ ወንበሩ ተንቀጠቀጠ፣ ጥቁር ጭስ ወደ ሰማይ ተተኮሰ። ልትቀልድበት የመጣችው ሚስቱ በሩን ጨብጣ፣ "ወይ ጉድ፣ ምን ዓይነት ፍጥረት ናት!" አለች።

የአሮጊቷ በር ብርግድ አለ። በአንድ እግር ነጠላ ጫማ ወጥተው፣ መኪናዋን ዞር ብለው እንኳ ሳያዩ ወደ ልብስ ማስጫው ገመድ ሮጡ። መቆንጠጫው እየተፈናጠረ ነጫጭ አንሶላዎች ይመነጭቃሉ።

"ስንቴ ልንገርህ! ነጭ ባሰጣሁ ቀን በታች በኩል ዙር አላልኩህም? አንተ ሰው፣ ጆሮ የለህም?"

አንሶላውን ታቅፈው ቀጥ አሉ። ቀስ ብለው ወደ ጋቢናው ቀና አሉ፤ የተቀመጠው ባላቸው አይደለም። ሐኪሙ የእጅ ፍሬኑን ስቦ ወረደ።

"ሞተሩን እንዳታጠፋው" አሉት በቀጭን ድምፅ። "ይሄን ያዝልኝ።"

አንሶላዎቹን እሱ ክንድ ላይ ጥለው ገቡ። ሲመለሱ መሪውን እንደ ሕፃን ደረታቸው ላይ አስደግፈውታል። ቀጭኑን ጎን በአውራ ጣታቸው አንዴ ዳበስ አደረጉና ሰጡት። ከዚያ አፍንጫቸውን ጠርገው፣ ጥላሸት የተረጨውን አንሶላ አዩ።

"እነዚህን አጥበህ ትመልሳለህ።"

"አያስቡ፣ እማማ" አለች ሚስቱ ከጋቢናው፣ "የጥርስ ብሩሽ አለው።"