ዳኛዋ ጫጉላ ስትወጣ

ለጫጉላ የሚመጡ ሰዎችን እየናቅኩ ነው የኖርኩት። ክፋት አይደለም፤ ሥራዬ ነው። የአንድ ትልቅ ሆቴል የክፍል ጽዳት ኃላፊ ነኝ። ሙሽሮች እንግዳ መቀበያው ፊት ተቃቅፈው ፎቶ ሲነሱ፣ ቁርስ ላይ በአንድ ሹካ ሲበሉ የሚያያቸው ሌላ ሰው ነው። እኔና ልጆቼ፣ ከሥሬ ያሉትን የጽዳት ሴቶች ማለቴ ነው፣ የምናውቃቸው በአንሶላቸውና በመታጠቢያ ቤታቸው ነው።

እኛ ጋ አንድ ልማድ አለ። ክፍሎቹን ጨርሰን አንሶላ መጋዘን ውስጥ ስንገናኝ በሙሽሮቹ ላይ እንፈርዳለን፤ ምን ያህል አብረው እንደሚቆዩ። ከአነጋገር ይፈረዳል ይላል ሰው፤ እኛ የምንፈርደው ከአልጋ ነው። ትራሶቹ ዳርና ዳር ከተገኙ፣ ብርድ ልብሱ ሶፋው ላይ ካደረ፣ የሴቷ ቅባት መደርደሪያውን ሞልቶ የወንዱ መላጫ መሬት ላይ ከተቀመጠ፣ ልጆቹ ወደ እኔ ይዞራሉ። "ዳኛ፣ እነዚህንስ ምን ይሏቸዋል?" ይሉኛል። እኔም እፈርዳለሁ። "ሁለት ዓመት።" "ልጅ እስኪወልዱ።" "እነዚህ እንኳን ይቆያሉ፤ ሁለቱም ቆሻሻ ናቸው።" ስቼ አላውቅም ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ግን ስንቶቹ በዓመቱ ከሌላ ሰው ጋር መጥተው ያንኑ ክፍል እንደያዙ እኔ ነኝ የማውቀው።

ያሳደገችኝ አክስቴ "የሰው አልጋ ስታነጥፊ ያንቺ ሳይነጠፍ ቀረ" ትለኝ ነበር። በመጨረሻ ተነጠፈ። ያገባሁት የአንድ አውቶቡስ ድርጅት የስምሪት ኃላፊ ነው፤ የትኛው አውቶቡስ በየት በኩል፣ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ የሚወስን ሰው። በልቤ "ስምሪት" እለዋለሁ። ነጠላ ጫማ በካልሲ ያደርጋል። እንግዳ ሰው ቀልድ ሲነግረው ቀልዱ ሳያልቅ ይስቃል። ደግ ነው፤ ደግነቱም ያናድደኛል። ይህን ሁሉ አይቼ ነው ያገባሁት፣ ስለዚህ ማንንም አልወቅስም። ሁለታችንም ሽበት ጀምሮናል፤ ይህ ትዳር ቢፈርስብኝ ሌላ አይመጣም። እንዳይፈርስ ደግሞ ከልቤ እፈልግ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእሱም።

የጫጉላውን ጉዞ ያቀደው እሱ ነው። የባሕር ማዶ ደሴት፤ ዘንባባ፣ ነጭ አሸዋ፣ ልብስ ሰውነት ላይ የሚያጣብቅ ወበቅ። "አንድ ቦታ ተቀምጠን ምን እናያለን?" ብሎ ደሴቲቱን እንደ አውቶቡስ መስመር ከፋፈላት፤ እዚህ እናድራለን፣ እዚያ እንወርዳለን፣ እዚህ ጋ ወደ ጀልባ እንቀይራለን። ሆቴሎቹን የመረጠው ስልኩ ላይ፣ የማያውቃቸው ሰዎች የጻፉትን እያነበበ ነው።

"ይሄን ስሚ" ይለኛል። "‘ሠራተኞቹ ሁሌም ፈገግ ይላሉ’ ይላል።"

"ፈገግታው የሥራ ልብሳቸው ነው።"

"‘ከመስኮቱ ባሕሩ ይታያል’ ይላል ደግሞ።"

"አንገት ከተጠመዘዘ።"

ይስቃል። እኔ ስናደድ እሱ ይስቃል፤ ምን ይደረጋል።

የመጀመሪያው ሆቴል የወረቀት ጃንጥላ በተሰካበት ጭማቂ ተቀበለን። አልጋው ላይ የአበባ ቅጠል በልብ ቅርጽ ተበትኗል። የአልጋ አበባ ከሠርግ አዳራሽ የተረፈ እንደሆነ ለባሌ ነገርኩት። "ቢሆንም ያምራል" አለ። የእሱ ነገር ሁሉ እንዲህ ነው፤ ቢሆንም ያምራል። መዋኛው ዙሪያ ደረታቸው ላይ "ሙሽራው" እና "ሙሽሪት" የሚል የተጻፈበት ካናቴራ የለበሱ ባልና ሚስት ነበሩ፤ እንዳይጠፋፉ ይሆናል። ሴትዮዋ ፀሐይ ላይ ተኝታ ባልየውን ክሬም ታስቀባለች፣ እሱ በአንድ እጁ እየቀባ በሌላው ስልኩን ያያል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አልኩ በልቤ፤ ስድስት ወርም ሰጠኋቸው።

በነጋታው ከመታጠቢያ ቤት ስወጣ ባሌ ጫማውን ለማድረግ ወደ በረንዳ ወጥቷል። ክፍሉን አየሁት። ባሌ በአየር ማቀዝቀዣው በርዶት አልጋው ጫፍ ላይ ተጠቅልሎ ነበር ያደረው፤ ትራሱ ሊወድቅ ደርሷል፣ በመሃላችን ሰው የሚያስተኛ ቦታ አለ። ከትንሽ ቆይታ በኋላ የሆነች ሴት ጋሪዋን እየገፋች ትገባለች፣ ታያለች፣ ከዚያ እነሱም መጋዘን አላቸው። የማላውቃቸው ሴቶች በእኔ ላይ ይፈርዳሉ።

ትራሶቹን አቀራረብኩ። ጥሩ አልመሰለኝም፤ ሆን ብሎ የተሠራ መሰለ። ስለዚህ አልጋውን በሙሉ አነጠፍኩት። ከዚያ ካልሲዎቹን ለቀምኩ፣ መላጫውን ሻንጣው ውስጥ ከተትኩ፣ ከመታጠቢያ ገንዳው ላይ የጺሙን ፀጉር ጠረግኩ። ማንም ምንም የማያነብበት ክፍል አደረግኩት። ስወርድ ክፍት ጎን ያለው የጋራ መኪና ሞልቶ ሾፌሩ መሪውን እየደበደበ ነበር። ባሌ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ ስለ ማርሽ እያወራ ጥሎኝ እንዳይሄድ ይዞልኛል።

"ምነው ቆየሽ?" አለኝ።

"ሴት አይደለሁ?" አልኩት። አመነኝ። ሰው እንዲህ በቀላሉ ሲያምን ያስጠላል።

ሁለተኛው ሆቴል "ከተፈጥሮ ጋር" የሚሉት ዓይነት ነው። ጣሪያው የዘንባባ ቅጠል፣ ውሃው ቀዝቃዛ፣ ግድግዳው ላይ እንሽላሊት። ቤታችን ውስጥ እንሽላሊት ብናይ በመጥረጊያ እናሳድዳለን፤ እዚህ አሥር ሰው አስተያየት ጽፎላታል። ባሌ ደስ አለው፤ ስም ሁሉ አወጣላት። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት የባሰብኝ እዚያ ነበር። ጎጆው አንድ ክፍል ስለሆነ ሁሉ ነገር ይታያል፤ ስለዚህ ሁሉን መሰብሰብ ነበረብኝ። እሱ ገና ሳይወጣ ከኋላው እጠርግ ጀመር። ብርጭቆውን ሲያስቀምጥ አጥባለሁ። ሲነሳ የተቀመጠበትን ትራስ እመታለሁ። አንድ ቀን ጫማውን ፈልጎ ሲያጣ "እዚህ አውልቄው አልነበር?" ብሎ በባዶ እግሩ ቆመ። ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር፤ ካልሲውም በሌላ ካልሲ ተጠቅልሎ።

በየቀኑ አረፈድኩበት። አንዴ መኪና አመለጠን፣ አንዴ በኪራይ ሞተር ሳይክል በቀትር ፀሐይ ሄደን ትከሻው ተላጠ። አላጉረመረመም። ዕድሜ ልኩን ተሳፋሪ ጥሎ እንዳይወጣ ሾፌር ሲቆጣ የኖረ ሰው፣ እኔን ሲጠብቅ የሰውን ሾፌር ሁሉ ይለማመጥ ነበር። ተለማማጭ ወንድ አልወድም።

ሦስተኛው ማረፊያ ከጀልባ ተራው በላይ ያለ አሮጌ ቤት ነው። እዚያ ለመድረስ ደረጃ፣ ጠባብ መንገድ፣ የልብስ ማስጫ ገመድ ሥር አጎንብሶ ማለፍ፣ ከዚያ ደግሞ ደረጃ። ስምሪት በደረስንበት ቀን ወደ ጀልባዎቹ የሚያወርድ አቋራጭ አገኘ፤ እንደ ሎተሪ ነገረኝ። ከሁሉ በላይ የጓጓለት ጉዞ ከዚያ የሚነሳው ነበር፤ ጀልባ በቀን ሁለቴ ብቻ የምትሄድበት ትንሽዬ ደሴት። ለዚያ ቀን ሸሚዝ አስተኩሶ ይዞ መጥቷል። ባሕር ላይ የተተኮሰ ሸሚዝ ማን ያየዋል?

ጠዋት "ቀድሜ ወርጄ ቦታ ልያዝ፣ ቶሎ ድረሺ" ብሎኝ ወጣ። እሺ አልኩት። ከዚያ ወደ ክፍሉ ዞርኩ። አልጋውን አነጠፍኩ። የታጠበበትን ፎጣ ከወንበሩ ላይ አንስቼ ጫፍ ለጫፍ አጥፌ መታጠቢያ ቤቱ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩ። ወለሉ ላይ ከነጠላ ጫማው የወደቀ አሸዋ ነበር፤ ተንበርክኬ በእርጥብ ጨርቅ ስለቅመው በሩ ተከፈተ።

"ጀልባዋ ሄደች" አለ። በላብ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፏል።

"ሌላ አለች አላልክም?"

"አለች። የመጨረሻዋ ናት።" ወደ እጄ አየ። "ምንድነው የምትሠሪው? የዚህ ሥራ ባለቤት ኮሪደሩ ላይ ቆማለች እኮ።"

ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ነገርኩት። ስለ መጋዘኑ፣ ስለ ፍርዱ፣ ዳኛ ስለሚሉኝ፣ እዚህም ሴቶቹ እንዳይፈርዱብን ስለማደርገው። በቀልድ ነው ያወራሁት፤ የሥራ ቦታ ወሬ ስለሚወድ መጀመሪያ ሳቀ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና እንባውን ጠረገ።

"ቆይ፣ እኛንስ?" አለ። "ምን ትፈርጃለሽ?"

አንድ ጥሩ ነገር ማለት ነበረብኝ፤ ጥሩ ነገር ደግሞ ሞልቷል። ግን ሲጠይቀኝ ዓይኔ እንደ ሥራ ቀን ክፍሉን ዞረው፤ አልጋ፣ ወንበር፣ መደርደሪያ፣ የመታጠቢያ ቤት በር።

"ዓመት አይሞላም" አልኩ። በመጋዘኑ ድምፄ ነው ያልኩት።

ሳቁ ቀረ። "ምን አይተሽ?"

"የአንድ ሰው ክፍል ነው።"

ተነሳ። መታጠቢያ ቤቱን ከፍቶ አየ፣ የአልጋውን ግራና ቀኝ አየ፣ እሱም እንደ እኔ ሲፈትሽ ቆየ።

"መላጫዬ የት አለ?"

"ሻንጣህ ውስጥ።"

"ትናንት ሳነበው የነበረው ጋዜጣስ?"

"ጣልኩት።"

"የገዛሁት ዛጎል?"

"አሸዋ ያራግፋል። እሱንም ጣልኩት።"

"ታዲያ" አለኝ፣ "እኔን ማን ጠረገኝ?"

ድምፁን ከፍ አላደረገም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር፤ የሚጮህ ወንድ መናቅ ይቀለኛል። ሻንጣውን ከቁም ሳጥን አወጣ። ለማሸግ እንኳን ሥራ አልነበረውም፤ እኔ አሽጌ ጨርሼለታለሁ።

"አሁን በምትነሳዋ እሳፈራለሁ" አለ። "ከመጣሽ ነይ። ካልመጣሽ ደሴቱን አይቼ በዚያው ወደ አገሬ እመለሳለሁ። ሾፌር ግን ከእንግዲህ አልለምንልሽም።"

ሄደ። እኔ ተቀመጥኩ። እግዜር ያሳያችሁ፣ አልኩ በልቤ፣ በተተኮሰ ሸሚዝ አኩርፎ ሄደ። ይመለሳል አልኩ። የሚለማመጥ ሰው የት ይደርሳል አልኩ። እሱን የምንቅበት ነገር ፈልጌ ፈልጌ ሳልጨርስ በሩ ተንኳኳና የጽዳቷ ልጅ ገባች።

ሥራ አታውቅም። አቧራ ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው፤ እሷ ከታች ጀመረች። ባልዲዋን ሰው የሚረግጥበት ቦታ አስቀመጠች። አልጋውን አይታ ተገረመች፣ አለፈችው። መታጠቢያ ቤት ገብታ ቆየችና ፎጣዎቹን ይዛ ብቅ አለች።

"እትዬ፣ ይቺኛዋ ፎጣ አልተነካችም" አለችኝ። "ለሚቀጥለው እንግዳ ልተዋት?"

"ባለቤቴ ተጠቅሞባታል።"

የታጠፈውን ፎጣ አየች። ወንበሩን አየች፣ የአልጋውን ሁለተኛ ጎን አየች፣ ከዚያ እኔን።

"እሺ እትዬ" አለች።

ይህን "እሺ" አውቀዋለሁ። ለስንት ልጆች ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ እንግዳ ሲዋሽ አንገት ዝቅ አድርጎ በለስላሳ ድምፅ የሚባል ነው። ወርዳ ምን እንደምትልም አውቃለሁ። ብቻዋን መጥታ ባሌ ባሌ የምትል ሴትዮ አለች ትላለች። የሚያሳዝነው፣ ዳኛ ብሆን እኔም ይህንኑ ነበር የምፈርደው።

ተነስቼ ፎጣውን ከእጇ ወሰድኩት። ዘረጋሁት።

"ንኪው" አልኳት።

"እትዬ?"

"ንኪው እንጂ። እርጥብ ነው። ዛሬ ጠዋት ታጥቦበት ነው። ባል አለኝ።"

በሁለት ጣቷ ነካችው፣ የታመመ ሰው እንደምታባብል። "አዎ፣ እርጥብ ነው" አለች። "ታዲያ አሁን የት ሄዱ?"

እየሮጥኩ ወጣሁ። ደረጃውን ስወርድ ፎጣው እጄ ላይ ነበር፤ ለመመለስ ጊዜ የለም። ከታች፣ ከቤቶቹ ማዶ፣ የጀልባዋ ጥሩምባ ተነፋ። በገመድ ላይ በተሰጡ ልብሶች ሥር አጎንብሼ አለፍኩ፤ ከዚያ ጠባቡ መንገድ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወደ ግራ ይወርዳል፣ አንዱ ወደ ቀኝ፤ ሁለቱም ደረጃ፣ ሁለቱም ግንብ፣ ባሕሩ ከየትኛውም አይታይም። ጥሩምባው እንደገና ተነፋ። ቆምኩ። አቋራጩ የትኛው እንደሆነ አላውቅም ነበር። በየቀኑ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆኜ አረማመዱን እየናቅኩ ነው የወረድኩት፤ መንገዱን አንድ ቀንም አላየሁትም።