ድስቱ ቀድሞ የወጣበት ቀን

ሳባፓቲ በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት የክፍለ ጊዜ ድልድል የሚያወጣው እሱ ነበር። በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎቱ ሁለት አስተማሪ አንድ ክፍል ውስጥ አጋጭቶ አያውቅም። ይህንንም ለማያውቅ ሰው ሁሉ ይነግራል፣ ለሚያውቀውም ይደግምለታል። ክፋቱ ሙያው በትምህርት ቤቱ አጥር አለመወሰኑ ነው። በዓመት አንድ ቀን፣ የመከሩ በዓል ፖንጋል በሚያበቃበት ዕለት፣ የማድራስ ከተማ ሰው ሁሉ ምግቡን ቋጥሮ ወደ ማሪና ባሕር ዳርቻ ይወርዳል። የሳባፓቲ ቤተሰብም ይወርዳል፤ የእነሱ ቀን ግን በክፍለ ጊዜ ተሸንሽኖ ከሳምንት በፊት ወጥ ቤቱ በር ላይ ይለጠፋል።

የዘንድሮው ድልድል ስምንት ክፍለ ጊዜ ነበረው። አንደኛ፣ ቦታ መምረጥና አንሶላ ማንጠፍ። ሁለተኛ፣ ምግብ። ሦስተኛ፣ ለልጅ ልጁ ለኒላ ፈረስ ግልቢያ። እንዲህ እያለ ይወርድና ከሁሉ በታች፣ ከሌላው ደመቅ ባለ ቀለም፣ «ስምንተኛ፦ ባሕር፣ አላሜሉ፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ እስከ አሥራ አንድ ከሠላሳ አምስት» ይላል። አላሜሉ ሚስቱ ናት።

አላሜሉ ያደገችው ውሃ ከጥልቅ ጉድጓድ በገመድ በሚወጣበት ደረቅ አገር ነው። ማድራስን ያየችው ስትዳር ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ማሪና ሳትወርድ የቀረችበት በዓል የለም። ወርዳ ግን የምትቀመጠው አንሶላው ላይ ነው፤ በቀኟ የምግቡ ድስት፣ በግራዋ የቤተሰቡ ነጠላ ጫማ። ቁራ ድስቱን እንዳይከፍት፣ ሌባ ጫማውን እንዳያነሳ ጠባቂ ያስፈልጋላ። ያንቺ ተራ መጨረሻ ላይ ነው ትባላለች፤ መጨረሻው ሲደርስ አንድ ዓመት የአውቶቡሱ ሰልፍ፣ አንድ ዓመት የኒላ ትውከት፣ አንድ ዓመት የባሏ እህት የእትዬ ፓንካጃም ራስ ምታት ይቀማታል። የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ ምን እንደሚደርስበት አስተማሪ የሆነ ሁሉ ያውቃል። እሷ ባሕሩን ከሩቅ አሳምራ ታውቀዋለች፤ ባሕሩ ግን አያውቃትም።

ከበዓሉ አስቀድሞ፣ አንድ ማታ ሩዝ እየለቀመች፣ ድምጿን እንኳ ሳታነሳ፣ ባሏን በልጃቸው ስም ጠርታ ተናገረች።

«የሙራሊ አባት፣ ዘንድሮ እግሬ ውሃ ካልነካ፣ ለከርሞ ድስቱን ራስዎ ይሸከሙት። እኔ እዚሁ ቤቴ እውላለሁ።»

ሳባፓቲ ደነገጠ። ሚስቱ ጮኻ የተናገረችው ነገር እስከ ማታ ይረሳል፤ ቀስ ብላ የተናገረችው ግን አይነቀልም። አንድ ጊዜ ለወተት ሻጩ «ከእንግዲህ አላናግርህም» ብላው፣ ይኸው ዘጠኝ ዓመት ወተቱን በምልክት ነው የምትገዛው። ስለዚህ ሳባፓቲ ደማቁን ቀለም አወጣ። ከልቡ ነው የጻፈላት። ወደ አንደኛው ክፍለ ጊዜ ከፍ ላድርጋት የሚል ሐሳብ ግን በአእምሮው ውል አላለም፤ ምግብ ይቀድማል፣ ፈረሱ ሰልፍ አለው፣ ባሕሩ ደግሞ የት ይሄዳል?

በዓሉ ሐሙስ ዋለ። ሐሙስ ከሰባት ሰዓት ተኩል እስከ ዘጠኝ የራሁ ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት ከቤት የወጣ መንገደኛ መንገዱ አይቀናውም። ይህን ሕግ የሚያስከብሩት የሳባፓቲ ታላቅ እህት እትዬ ፓንካጃም ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ከወንድማቸው ጋር ይኖራሉ፤ ከግድግዳው ካሌንደር ላይ የዕለቱን ቅጠል ሳይገነጥሉና ሳያነቡ ውሃ እንኳ አይጠጡም። ሳባፓቲ ይህን አስቦ መነሻውን ልክ ሰባት ሰዓት ላይ አድርጎታል። ያላሰበው ልጁን ሙራሊን ነው። ሙራሊ ከሚስቱና ከኒላ ጋር ከአማቶቹ ቤት ሊመጣ ቀጠሮው ስድስት ተኩል ነበር። ሰባት ሆነ፣ የለም። ሰባት ከአሥር፣ የለም።

ሳባፓቲ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ፊሽካ እያሻሸ በረንዳው ላይ ይመላለስ ጀመር። ዘጠኝ ሰዓት ከተነሱ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ አምስተኛው ላይ ይወጣል፣ ስምንተኛው ደግሞ ጨለማ ውስጥ ይገባል። የአላሜሉን ፊት ለማየት አልደፈረም።

መላውን ያመጡት እትዬ ፓንካጃም ናቸው። መንገደኛው ራሱ በመልካሙ ሰዓት መውጣት ካልቻለ፣ ዕቃው ቀድሞ ይውጣለት። ከጓዙ አንዱን ራሁ ሳይገባ ጎረቤት ቤት ካስቀመጡ፣ መንገዱ ያኔውኑ እንደተጀመረ ይቆጠራል፤ ሰውየው በኋላ በፈለገው ሰዓት ዕቃውን አንስቶ ይቀጥላል። አባቶቻቸው እንዲህ እያደረጉ ነው እስከ ቅድስቲቱ ከተማ ካሺ ደርሰው የተመለሱት።

«ምኑን እናውጣ ታዲያ?» አለ ሳባፓቲ።

ሰው ሳያዛት አላሜሉ ብድግ አለች። «ድስቱን» አለች። «ዋናው ጓዝ እሱ አይደል? ኮኪላ ቤት አደርሰዋለሁ።»

ድስቱ በሮቃ የጎመዘዘ ሩዝ እስከ አፉ ሞልቶ ነበር። አላሜሉ እርጎ ሩዙንና ቫዳ የሚሉትን የጥራጥሬ ጥብስ ጭምር በሌላ እጇ አንጠልጥላ፣ ግቢውን ተሻግራ ጎረቤታቸው ኮኪላ ዘንድ ገባች። ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ ባዶ እጇን ተመልሳ፣ «ወጥቷል» ብላ ተቀመጠች። ሳባፓቲ እፎይ አለ፤ ደስ ሲለው ደግሞ እርሳሱን አውጥቶ ድልድሉን ማረም ይወዳል።

ሙራሊ ስምንት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ቤተሰቡን እየጎተተ ደረሰ። አማቱ ያለ ምሳ አለቅም ብለውት ነው። ለንግግር ጊዜ አልነበረም፤ ሳባፓቲ ፊሽካውን ነፋ፣ ሁሉም ተሰለፈ፣ ድስቱን ለማንሳት ወደ ኮኪላ ቤት ሄዱ። በሩ ላይ መዳፍ የሚያህል ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል።

ኮኪላና ቤተሰቧ ራሳቸው ማሪና ወርደዋል። በመስኮቱ ፍርግርግ በኩል ድስቱ ይታያል፤ መደርደሪያ ላይ ጉብ ብሎ፣ ክዳኑ ተስተካክሎ፣ መዓዛው እስከ ውጭ ይመጣል። ሳባፓቲ ጃንጥላውን አስገብቶ በእጀታው ሊስበው ሞከረ። ድስቱ ንቅንቅ አላለም። ያገኘው ነገር ቢኖር የኮኪላን ባል ካልሲ ነው፤ እሱንም መልሶ ለማስገባት ብዙ ተቸገረ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉ እትዬ ፓንካጃም። «ከዚህ ወዲያ መቅረትም የለም። መንገድ ጀምሮ ማቋረጥ በራሁ ከመውጣት ይብሳል።»

ስለዚህ ስድስት ሰዎች ባዶ እጃቸውን፣ አንድ አንሶላና አንድ ፊሽካ ይዘው አውቶቡስ ተሳፈሩ። አላሜሉ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ሄደች። ሁልጊዜ ጭኗ ላይ ድስት ስለሚኖር መስኮት ደርሷት አያውቅም ነበር።

ማሪና አሸዋው አይታይም፤ ሰው ብቻ ነው። ሳባፓቲ ቦታ መርጦ አንሶላውን አነጠፈና አዲሱን አዋጅ አወጣ። እሱ ኮኪላን ፈልጎ ቁልፉን ይቀበላል፤ ሙራሊ ወደ ቤት በርሮ ድስቱን ያመጣል፤ እስከዚያው ድልድሉ ባለበት ይቆማል። ሙራሊ አባቱን አየ፣ ሕዝቡን አየ። ለኒላና ለእናቷ የሽምብራ ንፍሮ ሊገዛ ሄደ።

«አንቺ እዚህ ጠብቂ» አላት ሳባፓቲ አላሜሉን።

«ምኑን?» አለች።

ሳባፓቲ አንሶላውን አየ። ሃያ ሰባት ዓመት እንዲህ ባዶ ሆኖ አይቶት አያውቅም። «ጫማውን» አለና ሄደ።

ሰው በሰው ላይ እየተጋፋ፣ የተጠበሰ ዓሣ ከሚሸጡት እስከ ፈረሶቹ፣ ከፈረሶቹ እስከ ፎቶ አንሺዎቹ ተመላለሰ። ነጭ ሽርጡ ላይ አንዱ አይስክሬም ደፋበት። ሁለት የቀድሞ ተማሪዎቹ አይተውት ተደበቁ። በመጨረሻ ኮኪላን ቀለበት ወርውሮ ሳሙና ማሸነፊያው ዘንድ አገኛት፤ አራት ሳሙና ታቅፋ አምስተኛውን ታነጣጥራለች።

«ጋሼ!» አለች። «ድስቱን ፍለጋ ነው እንዳይሉኝ። እኔ እኮ ለአላሜሉ ነግሬያታለሁ። ጠዋት ቧንቧው ዘንድ፣ ሰባት ተኩል ሳይሆን እንወጣለን ብያታለሁ። ድስቱን ስታመጣም፣ ልንቆልፍ ነው እኮ ብላት፣ ግድ የለም፣ ብቻ ድመት እንዳይደርስበት ከፍ አድርጊው አለችኝ።»

ሳባፓቲ ቁልፉን ሳይጠይቅ ዞረ። ተናደደ፤ እንዲህ ተናዶ አያውቅም። ሚስቱ ቤተሰቡን ጦም አዋለች፣ የእህቱን ሥርዓት መጫወቻ አደረገች፣ ድልድሉን አፈረሰች። እየተራመደ የሚናገረውን በሦስት ነጥብ ከፋፈለው። ስለ ጎረቤት አንደኛ፣ ስለ ምግብ ሁለተኛ ነበረ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ግን የሚለው ጠፋው፤ «ለምን አልነገርሽኝም?» ሊላት ፈልጎ፣ ነግራው እንደነበረ ትዝ አለው። በደማቅ ቀለም ጽፎ ከሁሉ በታች አስቀመጣት እንጂ።

አንሶላው ላይ ስድስት ጥንድ ነጠላ ጫማ ተደርድሯል፤ እትዬ ፓንካጃም ንፍሮ እየቆረጠሙ አጠገቡ ተቀምጠዋል። በአገጫቸው ወደ ውሃው አመለከቱት።

አላሜሉ ሳሪዋን ሰብስባ እስከ ጉልበቷ ባሕር ውስጥ ቆማለች። በአንድ እጇ ኒላን ይዛለች። ማዕበሉ ሲመጣ ወደ ኋላ አትልም፤ ጎንበስ ብላ እንደ እንግዳ ትቀበለዋለች። ሲመታት ትስቃለች። ሳባፓቲ ሳቋን የሚያውቅ ይመስለው ነበር። ይህኛውን ግን አያውቀውም፤ ከሆድ የሚወጣ፣ የገጠር ልጅ ሳቅ ነው። ሰዓቱን አየ። አሥር ሰዓት ከአምስት። ገና አራተኛው ክፍለ ጊዜ ነው። እጁ ወደ ፊሽካው ሄደና እዚያው ቀረ። አፈረ።

«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» አሉ እትዬ ፓንካጃም። ድስቱን ማለታቸው ይሁን ባሕሩን፣ አልጠየቃቸውም። ጫማዎቹ አጠገብ ተቀመጠ። አንድ ቁራ መጥቶ አየው፤ እሱም ቁራውን አየው።

አላሜሉ ስትመለስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። እግሯን ዘርግታ አጠገቡ ተቀመጠች፤ አሸዋው እስከ ባቷ ተለጥፎባታል።

«ኮኪላን አገኘኋት» አላት።

አልደነገጠችም። «ድስቱን ከፍ አድርጋዋለች?»

«አድርጋዋለች።»

«ጥሩ። ማታ እንበላዋለን፤ የሮቃ ሩዝ ሲያድር ነው የሚጣፍጠው።»

ሳባፓቲ ባሕሩ እንዴት ነው ብሎ ጠየቃት። አሰበች። ከእግር በታች አሸዋውን ይጎትታል አለችው፤ ሰው ቆሞ ሳለ የሚሄድ ይመስለዋል። ከዚያ ዞር ብላ አየችው።

«እርስዎስ ገብተው አያውቁም እንዴ?»

ሳባፓቲ ደረቅ እግሩን አየ። በየዓመቱ ከደረቁ አሸዋ ላይ፣ ሽርጡ ሳይጨማደድ፣ ሰዓት እያየ ፊሽካ ሲነፋ ነው የኖረው። ሌላውን ሁሉ በተራ አስገብቶ በተራ አስወጥቷል፤ የእሱ ስም በየትኛውም ክፍለ ጊዜ ላይ ኖሮ አያውቅም።

አላሜሉ እጇን ዘረጋች። «ሰዓትዎን ይስጡኝ። ፊሽካውንም። ጫማውን እኔ እጠብቃለሁ። አሥራ አምስት ደቂቃ ነው።»

ኒላ ጎትታ አስነሳችው። ሽርጡን ወደ ጉልበቱ አጠፈና ገባ። ውሃው ቁርጭምጭሚቱን ሲይዘው ለካስ ቀዝቃዛ ኖሯል፤ «እምዬ!» አለ፣ የሃምሳ ሰባት ዓመት ሰው። አሸዋው እንዳለችው ከሥሩ እየሸሸ ሄደ። ቆሞ ሳለ የሚሄድ መሰለው።

ከኋላው ፊሽካ ተነፋ፤ ረጅም፣ አንድ ጊዜ፣ ልክ እሱ እንደሚነፋው። ይህን ድምፅ አልሰማሁም ያለን ተማሪ ስንት ጊዜ አንበርክኳል።

«አያቴ፣ እየተነፋ ነው» አለችው ኒላ።

«እኔ አልሰማሁም» አላት ሳባፓቲ፤ እጇን አጥብቆ ይዞም ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ።