ካሪን የመረጠችው የሐይቅ ዳር

ዊልበርት ላህቲ በሰሜን ሚኔሶታ ግንድ ጫኝ መኪና ሲነዳ ሠላሳ ስድስት ዓመት ኖሯል። ቤተሰቡ ግን የሚያከብረው በሌላ ነገር ነበር። የላህቲ ዘር በየሐምሌው ድንኳኑንና ከፒክአፕ ኋላ የሚጎተተውን ቤት ይዞ ለአንድ ሳምንት ሐይቅ ዳር ሲወጣ፣ የት እንደሚሰፈር የሚወስነው እሱ ነው። ካልተከራከረ እንቅልፍ የማይወስደው ታናሽ ወንድሙ ሬይኖ እንኳ በዚህ ነገር አፉን አይከፍትም።

ሰባ ስድስት ዓመት ሲሞላው ዓይኑ ከዳው። ዳር ዳሩን ያያል፤ መሐሉ ግን ጠፋበት። ሰው ፊት ለፊቱ ሲቆም ጆሮና ትከሻ ያገኛል እንጂ ፊት አያገኝም። በጥር ሐኪሙ መንጃ ፈቃዱን እንዲመልስ ነገረው። ማንም እንዲያግዘው ሳይፈቅድ ራሱ ፖስታ ውስጥ አሽጎ ላከው።

በመጋቢት ሬይኖ ደወለ።

«እሺ፣ የዘንድሮውን ቦታ ማን ይምረጥ? እኔ ልሞክረው እንዴ?»

«አንተ ጫማህን እንኳ መርጠህ አታውቅም። ሚስትህ ካሮል ነች የምትገዛልህ።»

«ታዲያ ማን?»

ዊልበርት የሚለውን ሲያስብ፣ ሳህን ታጥብ የነበረችው ልጁ ካሪን «እኔ» አለች።

ካሪን አርባ አንድ ዓመቷ ነው። በወረዳው የመንገድ ክፍል የበረዶ መጥረጊያ መኪና ትነዳለች። ሁለት ሴት ልጆች አሏት፤ በየሐምሌው ከእነሱ ጋር ድንኳን ውስጥ ታድራለች። ቃል የምትቆጥብ ሴት ስለሆነች፣ ዊልበርት የተናገረችው እሷ መሆኗን ለማመን ትንሽ ጊዜ ወሰደበት።

«ምን የሚመረጥ አለ?» አላት። «ሃልቮር ሐይቅ፣ ምሥራቁ ዳር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰፈርንበት ቦታ እያለ።»

«መጀመሪያ ሄጄ ልየው አባዬ። አንተም ትመጣለህ።»

በግንቦት፣ በረዶው ከሐይቁ ላይ እንደሟሟ፣ ሁለቱ ሄዱ። የምሥራቁ ካምፕ ሰፊ ነው፤ አሸዋው ንጹሕ፣ የመብራትና የውሃ መስመሩ የተሟላ። ዊልበርት ከመኪናው ወርዶ የጥዱን ሽታ ሲያገኝ ቤቱ የገባ ያህል ፊቱ ፈታ አለ።

ካሪን እጁን ይዛ የድሮው የምግብ ጠረጴዛቸው ላይ አሳረፈችለት። «ከዚህ እስከ ውሃው ስንት እርምጃ ነበር?»

«አርባ። የለካሁት እኔው ነኝ።»

«እስቲ አሁን ቁጠረው።»

ዊልበርት በትሩን ይዞ ቀጥ ብሎ ሄደ። አሥራ ሰባት ላይ ጫማው ውሃ ገባበት። ቆመ። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ተመልሶ፣ «በረዶው ስለቀለጠ ነው። እስከ ሐምሌ ይጎድላል» አለ።

«ይጎድል ይሆናል። ይሄንን ደግሞ ንካው።» ከጠረጴዛው አልፋ ወደ ላይ ወሰደችው። በትሩ አንድ ነገር መታ፤ ጎንበስ ብሎ ሲዳስሰው ውሃ ልጦ ያለሰለሰው ግንድ ነው፣ እንደ ጭን የወፈረ። «የቆምነው ድንኳን የምንተክልበት ቦታ ላይ ነው አባዬ። ይሄንን ተሸክሞ ያመጣው ሰው አይደለም።»

ዊልበርት እጁን ከግንዱ ላይ አነሳ። የምዕራብ ነፋስ አሥር ኪሎ ሜትር ክፍት ውሃ አቋርጦ እዚያ ዳር ላይ እንደሚያርፍ ከማንም ይበልጥ ያውቃል። ነፋሱን ይወደው ነበር፤ ትንኝ ያባርራል።

ከዚያ ሐይቁን ዞረው ወደ ምዕራቡ ዳር ሄዱ። እዚያ ያለው ካምፕ ከኮረብታ ሥር የተሸጎጠ፣ አሥራ ሁለት ቦታ ብቻ ያለው ነው። አሸዋ የለውም፤ ጠጠር ነው። ባለቤቷ ሊዮና ቡሼ የምትባል ባልቴት ጓንቷን ሳታወልቅ ተቀበለቻቸው።

«ወይዘሮ ሊዮና» አለች ካሪን፣ «ኃይለኛ ዝናብ ሲዘንብ ውሃው የሚተኛው የት ነው?»

ሊዮና ሳቀች። «ሁሉም ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ኢንተርኔት ነው። ነይ ላሳይሽ። ሦስት ቁጥርና አራት ቁጥር ኩሬ ይሆናሉ፤ ለማንም አልደብቅም። ከስድስት እስከ ስምንት ያለው ጉብታ ነው፤ ውሃው ግራና ቀኝ ይሄዳል።»

ካሪን በየቦታው ዞረች። ዊልበርት የእግሯን ኮቴ እየተከተለ ይሰማል፤ ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ ትመለሳለች። ሰባት ቁጥር አጠገብ አንድ ዛፍ በቡጢ መታች፤ ድምፁ እንደ ባዶ በርሜል ነው።

«ይሄ ሞቷል። ወደ ድንኳኑም ያዘነበለ ነው። ሊቆረጥልን ይችላል?»

«ሰኔ ሳይገባ አስቆርጠዋለሁ።»

ቀጥላ ሜትር አወጣችና ጫፉን አባቷን አስያዘችው። የመታጠፊያውን ስፋት ለካች፤ የስድስትን ለካች፤ ከዚያ የስምንትን ርዝመት ሁለት ጊዜ ለካች። ዊልበርት ለምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ጫፉን እንደጨበጠ ቆመ። አንገቱን ትንኝ ነከሰው።

መኪና ውስጥ ሲገቡ፣ «ይሄ የትንኝ ካምፕ ነው» አለ።

«ነው» አለች ካሪን። «ግን እዚህ እንሰፍራለን።»

ቤት ሲደርሱ ሚስቱ አይሊ ቦታው እንዴት እንደሆነ ጠየቀችው።

«ጥያቄ አበዛች። ሴትዮዋን ፍርድ ቤት ያቀረበቻት ነው የሚመስለው።»

«አንተ ደግሞ አንድም ጠይቀህ አታውቅም» አለች አይሊ፣ ድንች መላጧን ሳታቋርጥ። «ፍራሹ ከነእኔ የተንሳፈፈበትን ዓመት ረሳኸው? ለሰው እንዳትናገሪ ብለኸኝ ነው ዝም ያልኩት።»

ሬይኖ ወሬውን ሲሰማ ሳቀ። «የልጅ ልጆቼን ለትንኝ አላበላም። ዓይንህ ቢደክምም ምላስህ ጤነኛ ነው፤ እንቢ ማለት አቃተህ?» ብሎ፣ አውቶቡስ የሚያክለውን የቤት መኪናውንና የልጁን ቤተሰብ ሁለት ድንኳን ይዞ እንደ ወትሮው ምሥራቁ ዳር ሊሰፍር ወሰነ። ወንድማማቾቹ በሐምሌ ሲለያዩ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። ዊልበርትን ያመመው ከቦታው ይልቅ ይህ ነው፤ ለካሪን ግን አልነገራትም።

በሐምሌ ካሪን ፒክአፑን እየነዳች፣ ተጎታቹን ቤት እየጎተተች አመጣቻቸው። ሊዮና መዝገቧን አይታ፣ «ስድስት ለቤቱ፣ ሰባት ለድንኳኑ። ስምንትም እንዳልሽኝ ተይዟል» አለች።

«ስምንት ለማን ነው?» አለ ዊልበርት።

«ምናልባት ካስፈለገ» አለች ካሪን፣ የድንኳኑን ካስማ እየመታች።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ፀሐይ ነበር፤ ሬይኖም ለማላገጥ መደወሉን አላቆመም። «እናንተ ጋ ሰው በልቶ ነው የሚያድረው ተበልቶ?» ይላል። ከኋላው ልጆቹ ማዕበል ውስጥ ሲንጫጩ ይሰማል። ዊልበርት አንገቱን እያከከ ስልኩን ይዘጋል። የካሪን ልጆች ጠጠሩ እግራቸውን እየቆረቆራቸው ጫማ አድርገው ነው የሚዋኙት።

«ልጆቹ አሸዋ ናፍቋቸዋል» አላት አንዴ።

«አውቃለሁ አባዬ። እኔም ናፍቆኛል።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዊልበርት ጥላ ሥር ተቀምጦ ሳለ አየሩ ጥጥ የታጨቀበት ያህል ከበደ። ቅጠል አይንቀሳቀስም። ቀኑን ሙሉ ውሃው ላይ ስትጮህ የነበረችው ሉን የምትባል ወፍ ዝም አለች። ከዚያ ከኮረብታው በኩል እንደ ጓዳ የቀዘቀዘ ትንፋሽ መጣና ጉንጩን ነካው።

«ካሪን፣ የበሩን ሸራ ጥላ እጠፊው» አለ፤ ሳይጮህ በረጋ ድምፅ መናገሩ አይሊን አስደነገጣት።

«አጥፌዋለሁ። ወንበሮቹም ገብተዋል። አንተ ብቻ ነህ የቀረኸው፤ ግባ።»

ሁሉም ተጎታቹ ቤት ውስጥ ገቡ። ነፋሱ ደረሰ፤ ግን ከላይ ነው። የኮረብታው ዛፎች ባቡር የሚያልፍባቸው ይመስል ጮኹ፤ ከሥር ያለው ቤት ግን ንቅንቅ ሲል ማንቆርቆሪያዋን እንኳ አልጣላትም። ዝናቡ ግማሽ ሰዓት ጣሪያውን ደበደበው። ሲያባራ ዊልበርት ካሪን ሳትይዘው ወጥቶ ድንኳኑ ዘንድ ሄደ፤ ተንበርክኮ እጁን ከወለሉ ሥር አስገባ። መዳፉን አሻሸው። ደረቅ አፈር ነው። ግራና ቀኙን ውሃው እየተንኮለኮለ ወደ ሐይቁ ሲወርድ ይሰማዋል።

ስልኩ ጮኸ። ሬይኖ ነው፤ ድምፁ ሌላ ሆኗል፤ ተከትላው የወጣችው ካሪንም ትሰማዋለች።

«ሁላችንም ደህና ነን። መጀመሪያ ይሄንን ልበልህ። ልጆቹን መኪናው ውስጥ አስገብተናቸው ነበር። ሁለቱ ድንኳኖች ግን የሉም። አንዱን ዛፍ ላይ እያየሁት ነው። ማዕበሉ ጠረጴዛውን አልፎ ነው የመጣው፣ ዊልበርት። አሁን የቆምነው ውሃ ውስጥ ነው።»

ዊልበርት ስልኩን ወደ ልጁ ዘረጋ። ማን መልስ መስጠት እንዳለበት ገብቶታል።

«አጎቴ» አለች ካሪን፣ «ስምንት ቁጥር ላንተ ተይዟል። ርዝመቱን ለክቼዋለሁ፤ መኪናህን ይችላል። ድንኳን የጠፋባቸው እኛ ጋ ይተኛሉ። በታችኛው መንገድ አትምጣ፤ ድልድዩን ውሃ ሳያልፈው አይቀርም። በላይኛው ና።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የተያዘው?» አለ ሬይኖ።

«ከግንቦት።»

ገና ፀሐይ ሳለች ደረሱ። ልጆቹ እርጥብ ፎጣ ተጠቅልለው ወረዱ፤ አይሊ የዱር ሩዝ ሾርባ እየቀዳች አስቀመጠቻቸው። የቀረው የሬይኖን አውቶቡስ ወደ ኋላ ማስገባት ነው። አፈሩ ርሷል፤ መግቢያው በሁለት ጥዶች መሐል ነው። ካሮል ከኋላ ቆማ እጇን ታወዛውዛለች። ሬይኖ ገባ፣ ወጣ፣ ገባ።

«ግራ ነው ያልኩህ!»

«የማን ግራ?»

«የሚስትህ!»

ሦስተኛው ላይ ቅርንጫፍ ሲሰበር ተሰማ። ሞተሩ ቆመ። ሬይኖ ወረደና በደከመ ድምፅ፣ «ካሪን፣ እኔ አልሆነልኝም። ትችይዋለሽ?» አለ።

ካሪን መጀመሪያ ቦታውን በእግሯ ዞረች። ከዚያ መኪናው ላይ ወጣች፤ በሩ ተዘጋ። ዊልበርት ከወንበሩ ተነስቶ ቆመ። ሠላሳ ስድስት ዓመት የሞተር ድምፅ የሰማ ሰው ነው፤ ነጂ ሲፈራና ሲጣደፍ፣ መሪ ሲያበዛ በጆሮው ይለያል። አሁን የሚሰማው ሞተር አይቆጣም፣ አይለማመጥም። አንድ ዓይነት ድምፅ ይዞ፣ እንደ ረጅም ትንፋሽ፣ ወደ ኋላ ሄደ፣ ሄደ፣ ቆመ። ፍሬኑ ተነፈሰ። ካምፑ በሙሉ ጸጥ አለ፤ ከሌሎቹ ቦታዎች የወጡ ሰዎች ቆመው ሲያዩ እንደነበር ያወቀው ከዚያ ጸጥታ ነው።

በበረዶው ወራት፣ ሌላው ተኝቶ ሳለ፣ ልጁ የወረዳውን መንገድ ስትከፍት የኖረችው እንዲህ እንደሆነ ታሰበው። አንድም ቀን አጠገቧ ተቀምጦ አላየም። ደረቱ ሞላበት። ሾርባ እንደሚፈልግ ለአይሊ ነገራት፤ ሾርባ ግን አልፈለገም።

በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሦስት ሆነው አንድ ላይ ቁርስ በሉ። ከአሥር ቁጥር አንድ ሰው የፓንኬክ ሽሮፕ ሊበደር መጣና፣ «ትናንት ውሃ ያልገባበት የእናንተ ጉብታ ብቻ ነው» አላቸው።

«ወንድሜ ነዋ» አለ ሬይኖ፣ የዊልበርትን ትከሻ መታ አድርጎ። «ለቦታ ያለው አፍንጫ የተለየ ነው። ዓይኑ ቢጠፋም አፍንጫው አልጠፋም።»

ዊልበርት ሹካውን አስቀመጠ።

«እኔ አሸዋውን ነበር የመረጥኩት» አለ። «ይሄንን የትንኝ ካምፕ ብዬ ሰደብኩት። ውሃው የት እንደሚተኛ የጠየቀችው ካሪን ናት። የሞተውን ዛፍ ያስቆረጠችው፣ ላንተም ቦታ የለካችው እሷ ናት፤ አንተ ስትስቅባት። እኔ የሜትር ጫፍ ነው የያዝኩት። ይሄንን ስታወራ በትክክል አውራው።»

ሬይኖ ሲያኝክ የነበረውን ዋጠ። «እሺ» አለ። ከዚያ ወደ ካሪን ዞሮ፣ «የአባትሽ ወንድም አህያ ነው» አላት።

«ሽሮፑን አቀብለኝ አጎቴ» አለች ካሪን። አይሊ ወደ ባሏ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «ፊቷ ቀልቷል። እስከ አንገቷ» ብላ ነገረችው። ዊልበርት ፊቷን ያየው ያህል ራሱን ነቀነቀ።

ቅዳሜ ዕቃቸውን ሲጭኑ ሊዮና መዝገቧን ይዛ መጣች። ሽማግሌው እሱ ስለሆነ ይመስላል፣ ወደ ዊልበርት ዞራ፣ «ለመጪው ሐምሌ እነዚህኑ ሦስቱን ልያዝላችሁ? በርስዎ ስም ይሁን?» አለችው።

«በልጄ ስም» አለ። «ካሪን ላህቲ ብለሽ ጻፊ። እሷን ጠይቂያት፤ ሌላ ሐይቅ ልታይ ትችላለች። ለእኔ ቀኑን ብቻ ትንገረኝ።»

ይህን ብሎ በበትሩ የፒክአፑን በር ፈልጎ አገኘ። በተሳፋሪው በኩል ገባና ቀበቶውን አሰረ፤ ደረቱን ነፍቶ ልጁን ጠበቃት።