ጎንጉዝለር ከየት መጣ?

ውጊያው ወደ ውጫሌ በተጠጋበት ሰሞን ሐይቅ ከተማ በተፈናቃይ ተሞልታ ነበር። ጎረቤቴ ሀፊዛ ቤት ያረፉት ጋሽ አያሌው ከአምባሰል ደጋ መታወቂያቸውን እንኳ ሳይዙ የወረዱ ገበሬ ናቸው። በዕድሜያቸው ታንኳ አይተው አያውቁም። እናም ጠዋት ውኃው ዳር የተቀመጡ እስኪመሽ ዓይናቸውን ከታንኳ ላይ አይነቅሉም።

ይኸው ነገር አስያዛቸው። ኬላ የሚጠብቀው ሀሚዱ ክላሹን አንግቶ መጣና አንቱታውን ጥሎ፣ «ሽማግሌው፣ ቀኑን ሙሉ ምን ትሰልላለህ? ተነስ!» አላቸው። ያን ጊዜ በሰላይነት የተወሰደ ጸጉረ ልውጥ መመለሱ እንጃ ነበር።

ሀፊዛ እየሮጠች ደረሰች። «አንተ አላህን አትፈራም? ሰላይ አይደሉም፣ ጎንጉዝለር ናቸው!»

«ምን?»

«እንግሊዝኛ ነው። ኩዌት የሠራሁላት እንግሊዛዊት ትለው ነበር።»

«ከየት የመጣ ቃል ነው ደግሞ?»

የኔ አፍ መች ያርፋል! ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩትን እንግሊዝኛዬን ይዤ ጥልቅ አልኩ። «የኛው የሐይቅ ቃል ነው እንጂ! ድሮ አንድ የእንግሊዝ ልዑል በዝሆን መጣ። የጋሽ አያሌው ቅድመ አያት ታንኳ ሲያዩ አገኛቸው። ዝሆኑም አብሮ ሲያይ ውሎ አልነሳም አለ። ልዑሉ ተደንቆ ጎንጉዝለር የሚል ማዕረግ ሰጣቸው፤ እስከዛሬ በዘር ይወርዳል!»

«እንዲያ ነው? ከፈረንጅ ጋር የተያያዙት ከጥንት ነዋ!» አለና ሀሚዱ ክላሹን ከትከሻው አወረደ።

አዳንኩ ብዬ አንገታቸው ላይ ገመድ አጠለቅሁ።

«ኑርዬ፣ ወላሂ ዝም በል!» አለች ሀፊዛ። «ሀሚዱ፣ ስማኝ። በነሱ አገር ለጀልባ የተቆፈረ ቦይ አለ። ባለጀልባዎቹ ዳር ሆኖ ዝም ብሎ የሚያያቸውን ሰው ነው እንዲህ የሚሉት። ከየት እንዳመጡት ማዳሜም በውል አታውቅም፤ ማፍጠጥ ከሚል የገጠር ቃል ሳይሆን አይቀርም ትላለች። በቃ፣ ይኸው ነው።»

«ጀልባ ለሚያይ ሰው ስም አወጡ?»

«አወጡ።»

ሀሚዱ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ምን ይታያል እዚያ?»

«ተቀመጥና እየው፣ ልጄ» አሉ ጋሽ አያሌው። «ቤቴ ሲቃጠል አይቼ ነው የመጣሁ። ያ ታንኳ አሁን ሰጠመ ስትል ቀና ይላል። ዓይኔ የሚያርፈው እሱን ሳይ ነው።»

ሀሚዱ ቁጢጥ አለ። ታንኳው ዘመመ።

«ኧረ ሊገለበጥ ነው!»

«ጠብቅ።»

ቀና አለ። ሀሚዱ በረጅሙ ተነፈሰ።

ከኬላው ጓደኛው መጣ። «ሀሚዱ! ሰላዩስ?»

«የምን ሰላይ? የሀፊዛ እንግዳ ናቸው» አለ ሀሚዱ ዞር ሳይል። «ፈቀቅ በል፣ ከለልከኝ።»