ወፏ የቆመችበት ችካል

ሰማያዊዋ ወፍ ችካል ላይ ቆማ፣ ዓሣ በአፏ ይዛ የተነሳችውን ፎቶ አይታችሁ «እንዴት ታምራለች» ያላችሁ ሁሉ፣ ችካሉ ከየት እንደመጣ ጠይቃችኋል?

ከመንገድ ላይ ተነቅሎ ነው። ረግረጉ ታጥሮ የሕዝብ መዝናኛ ከመባሉ፣ የወፍ መመልከቻ ማማው ከመሠራቱ በፊት፣ አጥማጆች ደንገሉን አቋርጠው ወደ ውሃው የሚወጡበት ጠንካራ መሬት አንድ ብቻ ነበር። ግራ ቀኙ ሰው የሚውጥ ጭቃ ነው። ችካሎቹ ያንን መሬት ተከትለው ቆመው ነበር። ሽማግሌው አጥማጅ ጎህ ሳይቀድ በጉም ውስጥ ሲገባ አንዱን ችካል በእጁ ሳይጨብጥ እግሩን አያነሳም። «ዓይን ያባብላል፤ እጅ አይዋሽም» ይል ነበር።

የሽማግሌው ልጅ የዚያው ረግረግ ዘበኛ ነው። ማማው ሊመረቅ ሲቃረብ የመዝናኛው ኃላፊ ጠራው። ወፎቹ ችካል ላይ ማረፍ እንደሚወዱ ደርሶበታል።

«የወዲያኞቹን ነቅለህ ማማው ፊት ትከላቸው።»

«አጥማጆቹስ፣ ጌታዬ?»

«የብረት ችካል አስመጥቼላቸው የለ? ዛሬውኑ ማታ ይተከላል።»

«ማማው ፊት እኮ ጭቃው ሰው ይውጣል።»

«ወፍ አይውጥም» አለና ሳቀ። ዘበኛውም አብሮት ሳቀ። አለቃ ሲስቅ የማይስቅ ማን አለ?

በጀልባ ሄዶ ነቀለ፣ ተከለ። ብረቱ እንደሚተካ አምኖ ወደ ዋናው በር ተረኛነቱ ተመለሰ። አባቱ ሴት ልጁ ዘንድ ሰንብቶ የገባው የዚያን ዕለት ማታ ነው፤ እንደ ልማዱ ጎህ ሳይቀድ መረቡን ተሸክሞ ወጣ። የፊተኞቹ ችካሎች እንደነበሩ ናቸው። ቀሪዎቹ ወደ ማማው ታጥፈዋል። እጁ ታጠፈ፤ እግሩም እጁን ተከተለ።

ሲያገኙት ክንዱ ችካሉን እንዳቀፈ ነበር። መጀመሪያ ያየው ወፍ ፎቶ ሊያነሳ የመጣ ጎብኚ ነው።

ኃላፊው ለቅሶ ቤት መጣ። ከዘበኛው ጎን ተቀምጦ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አይዞህ ወንድሜ። ምረቃው ላይ ሰው ይጠይቅሃል። ዓይኑ ደክሞ ነበር በል። ውሸት ነው እንዴ?»

«አይደለም።»

«በቃ። ሥራህን የሚነካብህ የለም።»

አክስቱ፣ የሟች እህት፣ ከወዲያ ጥግ ሰምታ ኖሯል። «ዓይኑማ ከደከመ ቆየ፣ የኔ ጌታ» አለች። «ለዚያ አይደል በእጁ የሚሄደው? እርስዎ ዓይን እያለዎት ምን አዩ?»

ኃላፊው ጫማውን ፈልጎ ወጣ። ዘበኛው ግን ሌሊቱን ሙሉ ስለ ደመወዙ አሰበ። ልጆች አሉት፤ ሆድ ለእውነት አይቆምም። «ዓይኑ ደክሞ ነበር» የሚለውን ለብቻው እያለ ተለማመደው። ሐሰት የሌለበት ሐሰት ሆኖ አፉ ውስጥ ቀረ።

በምረቃው ቀን ማማው ሥር ድንኳን ተጣለ። ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ላይ ሪባን የታሰረበት አዲስ የብረት ችካል ተጋድሟል። ዘበኛው አየውና ገባው። ብረቶቹ መጋዘን ውስጥ የከረሙት የክብር እንግዳው የመጀመሪያውን ችካል ካሜራ ፊት እንዲተክል ነው።

ኃላፊው ማይክራፎኑን ይዞ «ስለ ሽማግሌው ወዳጃችን አዝነናል» አለ። «እርጅና ነውና፣ መንገድ ስተው...»

ዘበኛው ወደ ውሃው ወርዶ ጀልባው ላይ ወጣ። አባቱ የሞተበትን ችካል ነቅሎ፣ ጭቃው እየተንጠባጠበ መጥቶ ነጩ ጨርቅ ላይ ከብረቱ ጎን አስተኛው።

«አባቴ መንገድ አልሳተም። መንገዱን ከሥሩ የነቀልኩት እኔ ነኝ። ያዘዙኝ እርስዎ ነዎት።»

«ይህን በኋላ ቢሮ እንነጋገርበታለን።»

«ቢሮ አልገባም። የኔን እጅ ሥራ በሰው ፊት ተናግሬያለሁ። እርስዎም ማይክራፎኑን ሳይለቁ፣ እዚሁ፣ ይህ ሁሉ ሰው እየሰማ ይመልሱ፦ ብረቱ እያለ ለምን አልተተከለም?»