የጆሮ መርማሪው ቀይ ጊታር

ባለቤቴ ጊታሯን መወንጀል የጀመረው ልጃችን «ከአባዬ ጋር ነው የምዘፍነው» ባለች ማግስት ነው። እኔ ሳሎኑ ጥግ የደንበኛ ቀሚስ እዘመዝማለሁ፤ እሱ ሶፋው ላይ ቀይዋን ጊታር ታቅፎ ቀጭኗን ክር ደጋግሞ ይነካል፣ ጆሮውን ወደ ድምፅ ማጉያው ያስጠጋል፣ ፊቱን ያጨማድዳል።

«ታፍናለች» አለ።

«ማን?»

«ጊታሯ ናታ። ብርድ ልብስ ውስጥ ገብታ የምትዘፍን ነው የምትመስለው። ፒካፗ ነው።»

ፒካፕ ማለት ከክሮቹ ሥር የተቀበረች፣ ቀጭን ሽቦ የተጠመጠመባት ማግኔት ናት፤ የክሩን ንዝረት ለቅማ ወደ ድምፅ ማጉያው ትልካለች። ይህን ያወቅሁት ወድጄ አይደለም። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ወር ሙሉ ስለ አንድ ነገር ብቻ ከተወራ ግድግዳውም ይማራል።

ለነገሩ ጊታሯ ርካሽ ናት፤ በሰው እጅ ያለፈች፣ ጎኗ የተላጠ። ድሃ ዘመድ ባለበት ቤት ዕቃ ሲጠፋ ማን እንደሚጠረጠር የታወቀ ነው፤ የእሷም ዕጣ ያው ሆነ።

ልጃችን የድምፅ ትምህርቷን ጨርሳ ልትመረቅ ነው። በምረቃው ምሽት እያንዳንዱ ተመራቂ አንድ ዘፈን ይዘፍናል፤ አጃቢውንም ራሱ ይመርጣል። አጃቢው ግን በልምምድ ቀን መምህሯ ፊት ማለፍ አለበት፤ ካላለፈ መምህሯ የራሷን ጊታር ተጫዋች ትመድባለች። ልጄ አባቷን እንደመረጠች እራት ላይ ስትነግረው፣ ማንኪያውን አስቀምጦ ወደ መታጠቢያ ቤት ገባ። ሲመለስ ፊቱ ታጥቧል፣ ዓይኑ ቀልቷል። እኔን ሲያገባ እንኳ እንደዚያ አላለቀሰም።

ባለቤቴ በሙያው የጆሮ መርማሪ ነው። ክሊኒክ ውስጥ መስታወት ያላት ጠባብ ክፍል አለችው። ታካሚው ገብቶ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል፣ ማዳመጫ ይደረግለታል፤ ባለቤቴ ከውጭ ቁልፍ እየተጫነ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ድምፅ ይልክለታል። የሰማ ጊዜ ጣቱን ያነሣል። ያልሰማውን ደግሞ ወረቀቱ ላይ ያለው መስመር ይናገርበታል። ቤት ሲመጣ የሚያስቀን በታካሚዎቹ ሰበብ ነው።

«ዛሬ የመጣው ጡረተኛ፣ ‹እኔስ እሰማለሁ፣ ዘንድሮ ሰው ማጉተምተም አበዛ እንጂ› አይለኝም? ሌላዋ ደግሞ ማሽንህ ተበላሽቷል አለችኝ። ሰው ጆሮዬ ደከመ ከሚል ዓለም በሙሉ ዝም አለ ቢል ይቀለዋል።»

እንስቃለን። ማሽኑን ግን እሱም አያምነውም። በየማለዳው ታካሚ ከመግባቱ በፊት ራሱ ማዳመጫውን አድርጎ ድምፆቹን አንድ በአንድ ይሰማል፤ የክሊኒኩ ደንብ ነው። «የማሽኑ ሚዛን የእኔ ጆሮ ነው» ይላል በኩራት። ታዲያ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ቀጫጭኖቹ ድምፆች እየደከሙበት ማዳመጫውን ሁለቴ አስቀይሯል። ማሽኑን ሊፈትሽ የመጣው ባለሙያ በመለኪያው ለክቶ ምንም የለበትም ቢለው፣ «መለኪያህን አስለካው» ብሎ ሸኘው።

የፒካፕ ምርጫው ብቻውን የሚሠራው ሥራ አልነበረም። ስልኩ ውስጥ የጊታር ወዳጆች ማኅበር አለ፤ ዘጠኝ ወንዶች ናቸው። ሦስቱ ጊታር የላቸውም፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው፤ ክርክሩን የሚመሩት ግን እነሱ ናቸው። «ሞቅ ያለ ድምፅ ይሻልሃል» ይላል አንዱ። «የለም፣ ክሬም ክሬም የሚል ነው የሚያስፈልገው።» «እኔ ብርጭቆ ብርጭቆ የሚለውን ነው የምመርጠው፣ ከላይ ትንሽ አየር ያለው።» ስለ ድምፅ ይሁን ስለ ካፌ እስኪጠፋኝ ድረስ ባለቤቴ ጮክ ብሎ ያነብልኛል። አንድ ቀን ማግኔቱ ሴራሚክ ይሁን አልኒኮ የሚባለው ብረት በሚል ሁለቱ ተኳርፈው ከማኅበሩ ወጡ። እኔ የማውቀው ሴራሚክ የመታጠቢያ ቤት ወለል ነው፤ እሱ ደግሞ ሰው አጣልቶ አያውቅም።

በዚህ መሃል ልጄ ትጠይቃለች።

«አባዬ፣ ዛሬ እንለማመድ?»

«ምን አልሽ?»

«እንለማመድ ወይ?»

«በዚህ ድምፅማ አላዋርድሽም። መጀመሪያ ፒካፑ ይምጣ።»

ይህ «ምን አልሽ» የቤታችን መዝሙር ከሆነ ቆይቷል። እኔን አልገረመኝም። የሃያ ሁለት ዓመት ባል ሚስቱን ቢሰማ ነው የሚገርመው። ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ከጋብቻ ጋር የሚመጣ ነው፣ የእህቴም ባል ያው ነው ብዬ ትቼዋለሁ። እንዲያውም ተጠቅሜበታለሁ፤ ስፌት መኪናዬ ላይ አጎንብሼ የማጉተመትመውን ስድብ ቢሰማ ኖሮ ትዳራችን አሥረኛ ዓመቱን አያይም ነበር።

የመጀመሪያው ፒካፕ መጣ። የሚገጥመው ታናሽ ወንድሜ ነው። ራዲዮና ስልክ ይጠግናል፤ ሱቁ ሁለት ሰው ካስገባ ሦስተኛው ደጅ ይቀራል። አሮጌውን ነቅሎ አዲሱን በየደለት። ባለቤቴ ቤት አምጥቶ ሞከረና «ትንሽ ተከፈተች፣ ግን ገና ናት» አለ። ሁለተኛው፣ «ጥርት የሚለው» የተባለው፣ ሲገጠም እኔ መርፌዬን ይዤ ኩሽና መስፋት ጀመርኩ። «ገና ናት» አለ። በሦስተኛው ፒካፕ ጊዜ የላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን በራችንን አንኳኩታ፣ ቤታችሁ ብረት የሚቆርጥ ሠራተኛ ገብቷል ወይ ብላ በትሕትና ጠየቀች። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ «ይቅርታ፣ ምን አሉኝ?» አላት።

እኔስ ምን አልኩ? ምንም። ጆሮ የሚያውቀው እሱ ነው፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ ብዬ ዝም አልኩ። ጥጥ ግን ገዝቼ ጆሮዬ ውስጥ ወተፍኩ።

የልምምዱ ቀን ሁላችንም ሄድን። መምህሯ ቀጠን ያለች፣ ቃል መርጣ የምትናገር ሴት ናት። ባለቤቴ የመጀመሪያውን ምት ሲመታ ትከሻዋ እስከ ጆሮዋ ድረስ ወጣ። ፊት ወንበር ላይ የነበሩት ተመራቂዎች ተራ በተራ ጆሯቸውን ያዙ። ልጄ የጊታሯን ጩኸት ለመብለጥ ስትታገል ድምፅዋ መሃል ላይ ተሰነጠቀ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ራሱን እየነቀነቀ ይጫወታል።

«ጣትዎ ወርቅ ነው» አለችው መምህሯ ሲጨርሱ። «ድምፁን ግን…»

«እሱን ነው እኔም የምልዎት» አላት። «ገና አልተከፈተችም።»

መምህሯ እሱን አየች፣ ልጄን አየች። «ማክሰኞ እንደገና አንድ ጊዜ እንሰማለን። ያኔም ካልሆነ የራሴ ተጫዋች ያጅባታል» አለች።

ቤት ስንደርስ ልጄ ወደ ኩሽና ጎተተችኝ። «እማዬ፣ አባዬን እምቢ ልለው አልችልም። በዚያ ጊታር ከዘፈንኩ ደግሞ የአራት ዓመት ድካሜ ገደል ገባ» ብላ ትከሻዬ ላይ አለቀሰች። ልናገረው ሳሎን ስገባ ስልኩ ላይ አራተኛ ፒካፕ እየመረጠ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ወንድሜ ሱቅ ይዤው ሄድኩ። ሐሳቤ ሁለት ሆነን የድሮውን ፒካፕ እንዲመልስ ልናግባባው ነበር።

«ጋሼ፣ ከዚህ በላይ የሚጮህ የለም» አለው ወንድሜ። «ከዚህ ቀጥሎ ያለው የአምቡላንስ ነው።»

«አንድ አለ» አለና ባለቤቴ ከኪሱ ትንሽ ካርቶን አወጣ። ለካ ተደብቆ ገዝቶታል። መነጽሩን አድርጎ የካርቶኑን ጀርባ ማንበብ ጀመረ።

ወንድሜ ተስፋ ቆርጦ ወደ ሥራው ዞረ። የጠገነውን ስፒከር ሊሞክር ድምፅ የሚያመነጨውን መሣሪያ ከፈተ። አንዲት ቀጭን ፉጨት ተነሥታ እየሾለች፣ እየሾለች ወጣች። እኔ ጆሮዬን ያዝኩ። ስልኳን ልትወስድ የመጣች ሴት «ኧረ በፈጠራችሁ» ብላ ደጅ ወጣች። በረንዳው ላይ የተጋደመው ውሻ ተነሥቶ ሄደ። ባለቤቴ ቆሞ ያነባል። ዓይኑ እንኳ አልተርገበገበም።

ወንድሜ አየኝ፣ አየሁት። ፉጨቱን አጥፍቶ እንደገና ከፈተው። ባለቤቴ ካርቶኑን ገልብጦ ሌላውን ጎን ማንበብ ቀጠለ።

ክው አልኩ። ማንቆርቆሪያው አጠገቡ እያፏጨ የማያነሣው፣ የበሩ ደወል ሲጮህ ከሶፋው የማይነቃነቀው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ይህን ሁሉ ስንፍና ነው እያልኩ ስሰድበው ኖሬያለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ለሚስቱ ግን ባዳ መሆን አልነበረበትም። ሰውዬው እየደነቆረ እኔ ባልነቱ መስሎኝ ነበር። አፈርኩ።

መንገድ ላይ ሳልሸፋፍን ነገርኩት። «አንተ፣ ጊታሯ ምንም አልሆነችም። ጆሮህ ነው።»

«የእኔ? የጆሮ ባለሙያው?» አለና ቆመ። «እኔ በደንብ እሰማለሁ። አንቺ ነሽ የምታጉተመትሚው።»

ያለውን ያወቀው ከአፉ ካመለጠው በኋላ ነው። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። ግን ወንድ ልጅ በአደባባይ መንገድ ላይ አይረታም፤ «ሰኞ ምሳ ሰዓት ክሊኒክ ነይ፣ በዓይንሽ ታያለሽ» ብሎ ቀድሞኝ ሄደ።

ሰኞ ሄድኩ። ጠባቧ ክፍል ውስጥ ገብቶ፣ የታካሚው ወንበር ላይ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀመጠ። ማሽኑ ጋ የተቀመጠችው አብራው የምትሠራው ነርስ ናት፤ እኔ ከኋላዋ ቆምኩ። ድምፅ በተላከ ቁጥር ማሽኑ ላይ የምትበራ ትንሽ መብራት አለች። ወፍራሞቹ ድምፆች ሲላኩ ጣቱ እንደ ጎበዝ ተማሪ ቀድማ ትነሣለች። እየቀጠኑ ሲሄዱ ጣቱ መዘግየት ጀመረች። ከዚያ ጉልበቱ ላይ ዐረፈች። ነርሷ ተጫነች፣ መብራቷ በራች። ጨምራ ተጫነች፣ በራች። አሁንም ጨመረች። ጣቱ ጉልበቱ ላይ እንዳለች ናት።

ጥቂት ቆይቶ አንዱን ማዳመጫ ከጆሮው ገለጥ አደረገና በትከሻው ላይ ወደ እኛ ዞረ።

«ለምን አቆማችሁ?» አለ።

አላቆምንም ነበር። ነርሷ እጇን ከቁልፉ ላይ አንሥታ አቀረቀረች። እኔ እንባዬ መጣ።

መስመሩን ራሱ አነበበው። ስንት ሺህ ሰው እያስቀመጠ ያስረዳው ወረቀት ነው፣ አስተርጓሚ አላስፈለገውም። «ማዳመጫው…» ብሎ ጀመረና ተወው። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» አለ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ያንኑ ዕለት ወንድሜ የድሮውን ፒካፕ መለሰለት። ማክሰኞ መምህሯ ፊት ሲጫወት እጁን ማየት ትቶ የልጁን ፊት ያያል። «ደህና ነው?» ይላታል በዓይኑ፤ እሷ ራሷን ትነቀንቅለታለች። በድምፅ ጉዳይ የሰው ቃል ተቀብሎ የማያውቅ ሰው በልጁ አገጭ እየተመራ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ተጫወተ። መምህሯ አሳለፈችው።

ለማኅበሩም እውነቱን ጻፈ፤ ጥፋቱ የፒካፑ ሳይሆን የጆሮዬ ነው፣ የጆሮ መሣሪያ ሊደረግልኝ ነው አላቸው። ለአንድ ሰዓት ያህል ዝም አሉ። ቀጥሎ ከሦስቱ ጊታር የለሾች አንዱ «ሞቅ ያለውን ውሰድ» ብሎ ጻፈ። ሌላው «የለም፣ ለጆሮ የሚሻለው ክሬም ክሬም የሚለው ነው» አለ። እስከ ምሽት አንድ ሰው ተኳርፎ ወጣ።

መሣሪያውን ግን አላደርግም አለ። ለታካሚዎቹ «እንደ መነጽር ቁጠሩት» እያለ ሲመክር የኖረ ሰው፣ ለራሱ ሲሆን ሽማግሌ ያስመስለኛል አለ። ቀን እየቆጠረ አራዘመው። በምረቃው ምሽት ነርሷ መሣሪያውን ይዛ አዳራሹ በር ላይ ጠብቃ፣ እንደ ሕፃን አገጩን ይዛ በሁለቱም ጆሮው አደረገችለት። ልጁ ፊት ላለመጨቃጨቅ ዝም አለ።

ተራቸው ደረሰ። ልጄ እኔ የሰፋሁላትን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ወጣች፣ እሱ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። መግቢያውን አሳምሮ ተጫወተ። የመጀመሪያው ስንኝ አለፈ። ሁለተኛው ላይ የእሷ ድምፅ ቀጥኖ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ጊታሯ ጸጥ አለች። ክር የተበጠሰ መስሎኝ ከወንበሬ ተነሣሁ። ክሩ ደህና ነው። ባለቤቴ መዳፉን ክሮቹ ላይ አስተኝቶ፣ አፉን ከፍቶ ልጁን ያያል። እሷ አንድ ጊዜ ገልመጥ አደረገችውና ብቻዋን ቀጠለች። ዘፈኑ ያለ ጊታር አለቀ፣ ሰው አጨበጨበ፣ እሱ አላጨበጨበም።

ከመድረኩ ጀርባ ስደርስ ልጄ ቀሚሷን ሰብስባ ፊቱ ቆማለች።

«አባዬ፣ ምነው መሃል ላይ ጣልከኝ? ሁለት ወር ሙሉ ለምኜህ፣ በሰው ፊት ብቻዬን ታስቀረኛለህ?»

«እሰማሽ ነበር» አላት።

የሰበሰበችውን ቀሚስ ለቀቀች።

«አራት ዓመት ቤት ውስጥ ስትዘፍኚ አጠገብሽ ነበርኩ» አለ። «የሰማሁሽ ዛሬ ነው።»

ልጄ ቁጣዋ ወዴት እንደሄደ ሳታውቀው ቆመች። ከዚያ «ከመጀመሪያው ልድገምልህ?» አለችው።

ጊታሯን ከጭኑ ላይ አንሥቶ ለእኔ ሰጠኝ።